ጸሐፊው በዛ፣ ጠያቂው አነሰ

ደብረ ብርሃን ላይ ስለ አገር የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዞ ስልኩን የሚነካካ ወጣት ሁሉ ስለ ሕገ መንግሥቱ፣ ስለ ባሕር በር፣ ስለ ምርጫው ሐሳብ አለው፤ ብዙዎቹም ሐሳባቸውን ከነፎቶው ይለጥፉታል። የቀበሌው ቦኖ ከመቼ ጀምሮ እንደተዘጋ ቀኑን ጠቅሶ፣ የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት ጠይቆ፣ ኃላፊው የሰጡትን መልስ እንዳለ አስፍሮ፣ ወር ቆይቶ ደግሞ «እህሳ፣ ተከፈተ?» ብሎ የሚመለስ ሰው ግን ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው። ከአሥራ ምናምን ዓመት በፊት ጦማር ብርቅ በነበረበት ጊዜ ተስፋ የተጣለው በዚህኛው ሰው ላይ ነበር። የራሱ ጋዜጣ በሌለው፣ ሬዲዮው የመንግሥት በሆነበት ከተማ የነዋሪው ዓይንና ጆሮ ይሆናል ተብሎ ታስቦ ነበር።

ምን ነካው? የተለመደው መልስ «መንግሥት አፈነው» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። ስለ ሌላው ግማሽ ግን ብዙ አይወራም፤ ጸሐፊው ሲታፈን ብቻ ሳይሆን ሲለቀቅም ከከተማው ርቋል። እንዲያውም የባሰው ርቀት የመጣው ከተለቀቀ በኋላ ይመስለኛል።

ደብረ ብርሃን ያለችበት ሸዋ ሹሙን የሚታዘብበት መላ አጥቶ አያውቅም። አንኮበር መናገሻ በነበረችበት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ባለጉዳይ ከግቢው ውጭ ድምፁ በሚሰማበት ቦታ ቆሞ «አቤት! አቤት!» ይል ነበር። በ1833 ዓ.ም. በካፒቴን ሃሪስ መሪነት የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድንም የንጉሡን ችሎት አይቶ ጽፏል። ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ እንደነበር አባቶች ይነግሩናል፤ እረኛው ከብት እየጠበቀ የሚያንጎራጉረው የሹሙን ግፍ ቤተ መንግሥት ድረስ ያደርሰዋል። መንደር ውስጥ ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል ደግሞ ነዋሪው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን የሚያወጣበት አውጫጭኝ ነበረ። አውጫጭኝን ላወድሰው አልፈልግም፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ሰውን ከእርሻው አስቀርቶ የሚያቆይ፣ ንጹሑንም ከበደለኛው ጋር የሚያጉላላ ሥርዓት ነበር። ከነጉድለቱ ግን ከዛሬው የፌስቡክ ጩኸት የሚሻልበት አንድ ነገር አለው። ተናጋሪው የሚናገረው ነገሩን በሚያውቁ ሰዎች ፊት ነው። ቢዋሽ ጎረቤቱ እዚያው «ኧረ ውሸት ነው፣ ያን ለት እኮ አብረን አልዩ አምባ ገበያ ወርደን ነበር» ይለዋል። አቤት ባዩም ሆነ እረኛው አንድ የሚሰማቸው ሰው እንዳለ ያውቃሉ። የጥንቱን መላ አቁመው የያዙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ቅርበትና ሰሚ።

ጋዜጣ ሰሚውን አመጣ፣ ቅርበቱን ግን አላመጣም። የጋዜጠኛው ጳውሎስ ኞኞ «አንድ ጥያቄ አለኝ» የሚለው የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ዓምድ ተራው አንባቢ ጠያቂ መሆን እንደሚችል ያሳየ ነበር። ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ፈሉ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል አዲስ አበባ ላይ። ደብረ ብርሃን ከዋና ከተማው 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለምትርቅ ጋዜጣው በዕለቱ አውቶቡስ ሊደርሳት ይችላል። እሷ ግን ጋዜጣው ውስጥ የለችም፤ ብትኖርም የመኪና አደጋ ሲደርስ ወይም ሚኒስትር ሲጎበኛት ነው። የአማራ ክልል በኵር ጋዜጣ ደግሞ የሚዘጋጀው ባሕር ዳር ነው፤ ወደዚያ ያለው መንገድ ወደ አዲስ አበባ ካለው ብዙ እጥፍ ይረዝማል። በዚያ ላይ ከተማዋ ንግግር ምን እንደሚያስከፍል ቀድማ አይታለች። የፖለቲካ ድርጅት መሪ የነበሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በታኅሣሥ 1985 ደብረ ብርሃን ላይ ያደረጉት ንግግር በኋላ ከተከሰሱባቸው ጉዳዮች አንዱ ሆኗል። ይህን የሚያስታውስ አባት ልጁን «አርፈህ ሥራህን ሥራ» ቢለው አይፈረድበትም።

ጦማሩ የመጣው እንግዲህ በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው። በግንቦት 2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ወጣቶች ዞን ዘጠኝ የተባለውን ስብስብ መሠረቱ። ስሙ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት የመጣ ነው፤ ግቢው ስምንት ዞን አለው፣ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው ለማለት። መፈክራቸው «ስለሚያገባን እንጦምራለን» ነበር። ድረ ገጻቸው አገር ውስጥ ወዲያው ተዘጋ። በሚያዝያ 2006 ከጦማርያኑ ስድስቱና ሦስት ጋዜጠኞች ታሠሩ፤ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ ተከሰሱ፤ ኮምፒውተርን ከሰላይ የመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ሳይቀር የክሱ አካል ሆነ። በሐምሌ 2007 የአምስቱ ክስ ተቋረጠ፣ በጥቅምት 2008 የቀሩት ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋ ደግሞ ጋዜጣ እንዳያሳትም ከተከለከለ በኋላ በድረ ገጽ ይጽፍ ነበር፤ በመስከረም 2004 ታሠረ፣ 18 ዓመት ተፈረደበት፣ የተፈታው በየካቲት 2010 ነው።

ይህ ሁሉ በአገር ደረጃ የታወቀ ታሪክ ነው። በክፍለ ሀገር ከተማ ያለ ጸሐፊ ግን ከዚህ ታሪክ የተማረው ትምህርት ትንሽ ለየት ይላል። አዲስ አበባ ላይ የሚታሠር ሰው ስሙ በዓለም ዙሪያ ይነሣል፤ የውጭ ድርጅቶች መግለጫ ያወጡለታል፣ ዞን ዘጠኞችም በ2015 እ.ኤ.አ. ከጋዜጠኞች ተከላካይ ኮሚቴ ሽልማት አግኝተዋል። በወረዳ ከተማ ስለ አንድ የጠጠር መንገድ ጽፎ ችግር ውስጥ የገባ መምህር ምን ያህል ሰው ያውቅለታል?

ችግሩም ቢሆን አዋጅ ተጠቅሶ አይመጣም። ትንሽ ከተማ ውስጥ ስም ደብቆ መጻፍ ከባድ ነው፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደተነበበ «ይሄማ የእገሌ ልጅ ነው፣ አስተማሪው» ይባላል። መምህር ከሆነ ዝውውር ይደርሰዋል፤ ከቤቱ በእግሩ ይሄድበት የነበረውን ትምህርት ቤት ትቶ ቆላ ይወርዳል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ የሥራ አፈጻጸም ምዘናው ላይ ነጥብ ይጎድልበታል፣ የጎደለችው ነጥብ ደግሞ ለደረጃ እድገት ስትፈለግ ትገኛለች። ነጋዴ ከሆነ የግብር ግምቱ ዳግም ይታያል። ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ የመታወቂያ እድሳት አለ፣ የድጋፍ ደብዳቤ አለ፣ የማኅበር ቤት ቦታ አለ። «ነገ ና» ይባላል። ነገ ሲሄድ ሲስተም የለም። ማንም አልቀጣውም፤ ሁሉም ደንቡን ጠብቆ ነው የሠራው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ይሉኝታው ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የእድርህ አባል ነው፤ የእናትህን ለቅሶ ደርሷል፤ ባለቤቱና ባለቤትህ አንድ የጽዋ ማኅበር ይጠጣሉ። ስለ እሱ መሥሪያ ቤት ጨረታ ብትጽፍ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ታገኘዋለህ። ብዙ የአካባቢ ጸሐፊ ብዕሩን ያስቀመጠው ካድሬ ፈርቶ ሳይሆን ዓይን ፈርቶ ነው። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይሉ የነበሩት አባቶቻችን የቅርቡንም ሹም መክሰስ እንዴት እንደሚያስቸግር ያውቁ ነበር።

ነገሩ አስገራሚ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ይሄው የሚያፍን ይሉኝታ ጸሐፊውን የሚያርመው ነገርም ነበር። እሑድ ፊት ለፊት የምታገኘውን ሰው «ሌባ» ብለህ ለመጻፍ ሁለቴ ታስባለህ። ደብዳቤውን ታያለህ፣ ቁጥሩን ትጽፋለህ፣ ደውለህ «ጋሼ፣ ይህን ነገር ሰምቼ ነበር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ትላለህ። ስትሳሳት የሚያርምህ ነዋሪ በየበሩ አለ። ቅርበት አፍም ይዘጋል፣ ውሸትም ይከለክላል። ስለዚህ ጸሐፊው ከዚህ ቅርበት ሲያመልጥ ፍርሃቱን ብቻ ጥሎ አልሄደም፤ ልጓሙንም አብሮ ጥሎታል።

ያመለጠው ደግሞ በሩ ሲከፈት ነው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ተዘግተው የነበሩ 264 ድረ ገጾችና ጦማሮች ተከፈቱ። በዚያው የፈረንጆች ዓመት ማብቂያ፣ በታኅሣሥ በተደረገው የጋዜጠኞች ተከላካይ ኮሚቴ ቆጠራ ኢትዮጵያ ውስጥ የታሠረ ጋዜጠኛ አልተገኘም፤ ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። አሁን የየከተማው ጸሐፊ የየከተማውን ጉዳይ ያነሣል ተብሎ ነበር የሚጠበቀው። የሆነው ግን ሌላ ነው። ጸሐፊው በአንድ ሌሊት የአገር ተንታኝ ሆነ። ስለ ማዘጋጃ ቤት የሚያውቀው ሰው ስለ ፌዴሬሽን፣ ስለ ቀበሌ መሬት የሚያውቀው ስለ ድንበር መተንተን ጀመረ። የሚያውቀውን ትቶ የማያውቀውን ያዘ ብል አላጋነንኩም።

ለምን? አንዱ ምክንያት ስሌት ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደብረ ብርሃን 65,231 ሕዝብ ነበራት፤ አንኮበር ወረዳ 76,510። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ሕዝቧን አልቆጠረችም፤ ከተማዋ በግልጽ አድጋለች፣ በስንት እንዳደገች ግን የታወቀ ቁጥር የለም (የከተማን ሥራ የሚከታተል ሰው ለመነሻ የሚሆን ቁጥር እንኳን አጥቶ ነው የሚሠራው)። ከዚህ ሕዝብ ውስጥ ሕፃኑን፣ ማንበብ የማይችለውን፣ ዳታ የሌለውን ቀንሱ። ስለ ጠባሴ ሰፈር ፍሳሽ የሚጻፍ ነገር ቢበዛ ጥቂት ሺህ አንባቢ ነው የሚኖረው። ስለ ብሔር ጠብ የተጻፈው ግን ከዋሽንግተን እስከ ሪያድ ይነበባል፣ ይጋራል፣ ይሰደባል። ዩቲዩብ የሚከፍለው በተመልካች ብዛት ነው። ስድብም ቢሆን ቁጥር ነው። አንድ ወጣት ከደሞዙ በላይ የሚያገኝበትን መንገድ ትቶ ስለ ፍሳሽ ቱቦ ይጻፍ ብንል ምክራችን ጥሩ ነው፣ ዳታውን ማን ይሞላለታል?

ሕጉም ሳያስበው በዚህ ላይ ጨምሮበታል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ቅጣቱን ሲያከብድ አንዱ መለኪያው የተከታይ ብዛት ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተለጠፈ ሐሰተኛ መረጃ በጋዜጣና በብሮድካስት ከተሠራጨው እኩል ይታያል፣ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። ለአገር አቀፍ ገጽ 5,000 ምንም አይደለም። ለአንድ ከተማ ገጽ ግን 5,000 ማለት ሥራውን በቅጡ መሥራት የጀመረበት ልክ ነው። ጠበቃ የሌለው፣ ድርጅት የሌለው አንድ መምህር ጠበቃና አርታኢ ካለው ጣቢያ ጋር በአንድ ሚዛን ይቀመጣል። የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 በበኩሉ መልካም ነገር አምጥቷል፤ በመገናኛ ብዙኃን አማካይነት ተፈጸመ በተባለ ወንጀል የተጠረጠረ ሰው ለምርመራ ተብሎ በእስር መቆየት እንደሌለበት ይደነግጋል። በራሱ ገጽ የሚጽፍ ብቸኛ ሰው ግን በዚህ ጥላ ሥር መግባት አለመግባቱን ፖሊስ ጣቢያ ላይ ማን ያስረዳለታል?

ልዩነቱን በቅርብ ለማየት ሁለት ልጥፎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንደኛው እንዲህ ይላል እንበል፦ «ሌቦች ከተማችንን በሏት! ዝም አንልም! ሼር አድርጉ!» ሥሩ አንድ የተቆፈረ መንገድ ፎቶ አለ፤ የት እንደሆነ አይታወቅም፣ ምናልባትም ሌላ ከተማ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ይላል እንበል፦ «ከጤና ጣቢያው እስከ ድልድዩ ያለው የኮብልስቶን ሥራ በጥር ይጠናቀቃል ተብሎ ሰሌዳ ተተክሎ ነበር። ዛሬ ግንቦት 12 ነው፤ ድንጋዩ ተከምሯል፣ ሠራተኛ የለም። ማዘጋጃ ቤት ጠይቄ ተቋራጩ ክፍያ እየጠበቀ ነው ተብያለሁ። ተቋራጩን ስጠይቅ የሥራ ርክክብ አልተደረገም አለኝ። በሰኔ አጋማሽ ተመልሼ አየዋለሁ።» የመጀመሪያው ሺህ ጊዜ ይጋራል፣ አንድም ሰው መልስ የመስጠት ግዴታ አይሰማውም፤ ሌቦቹ እነማን እንደሆኑ ስላልተባለ ሁሉም ሌላውን ያስባል። ሁለተኛው አርባ ሰው ያነብበዋል፤ ከአርባው አንዱ ግን የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ነው። መሐንዲሱን እንቅልፍ የምትነሣው ደግሞ «በሰኔ ተመልሼ አየዋለሁ» የምትለው ዓረፍተ ነገር ናት። ጠፋ የምለው ሥራ እንግዲህ ይህ ነው። መጮህ አልጠፋም።

አካባቢውን የሚከታተል ጸሐፊ መጥፋቱ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከጋዜጦቹ ከሲሶ በላይ ጠፍተዋል፤ የጠፉት በአብዛኛው የየከተማው ሳምንታዊ ጋዜጦች ናቸው። ሎስ አንጀለስ አጠገብ ቤል የምትባል 37,000 ገደማ ሕዝብ ያላት ደሃ ከተማ አለች። ስብሰባዋን እየገባ የሚዘግብ ጋዜጠኛ በሌለበት ዘመን የከተማው ሥራ አስኪያጅ ሮበርት ሪዞ ደሞዙን እያሳደገ እያሳደገ በዓመት ወደ 800,000 ዶላር አደረሰው፤ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት ደሞዝ እጥፍ መሆኑ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ታይምስ ሲያጋልጠው ነዋሪው አደባባይ ወጣ፤ ሰውዬው በ2014 እ.ኤ.አ. የ12 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ልብ በሉ፤ አሜሪካ ውስጥ ስለ ዋሽንግተን ፖለቲካ የሚያወራ ሰው በዚያ ሁሉ ዓመት አልጠፋም። ስለ ቤል የሚያወራ ነው የጠፋው። ደሞዙ ምሥጢር ስለነበር አልቆየም፣ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ስላልነበረ ነው።

ወደ እኛው ስመለስ፣ ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ጊዜ ባጭሩ ልለፈው፣ ሁሉም የሚያውቀው ነውና። በዚያ ቀን በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ለአሥር ወራት ጸና፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። ግጭት ውስጥ ስለ ቦኖ የሚጽፍ ሰው ከሁለቱም ወገን «የማን ነህ?» ይባላል። ውሃ የለም ካለ መንግሥትን ለማጥላላት ነው፣ ውሃ መጣ ካለ ለመንግሥት አድሮ ነው። ባዶውን ቦታ የሞሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ስም የለሽ የቴሌግራም ቻናል ነው፤ መንገድ መዘጋቱን ከማንም ቀድሞ ይናገራል፣ ነገ ውሸት ቢሆን የሚጠየቅ ሰው የለውም። ሌላው የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ገጽ ነው። እዚያ ሁሉም ነገር «ተመረቀ»፣ «ተጎበኘ»፣ «ውይይት ተካሄደ»፤ ችግር ቢነሣ «አቅጣጫ ተቀምጧል»። ሪባን ሲቆረጥ ፎቶ አለ። የተመረቀው ነገር በዓመቱ ምን እንደሆነ የሚያሳይ ፎቶ ግን በሁለቱም ዘንድ የለም።

እናም ስንት ነገር ሳይታይ ያልፋል። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካዋን ካገኘች ከ1950ዎቹ ጀምሮ ቀስ እያለች የፋብሪካ ከተማ ሆናለች። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ተመረቀ፤ ቢራው ከዚያ ቀድሞ ነው የገባው፣ ሌላውም ተከተለ። ለእነዚህ ሁሉ መሬት ከገበሬ ተወስዷል። ካሳ የተከፈለው ለስንት አባወራ ነው? ገንዘቡን ይዞ ከተማ የገባው ገበሬ ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ላይ ነው? የበሬሳ ወንዝ ከተማዋን አልፎ ሲወርድ ከታች ያለው ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣበት፣ አትክልቱን የሚያለማበት ነው፤ ውሃው በየትኛው ወር መልኩ እንደሚለወጥ ገበሬው ያውቃል፣ ከገበሬው ቃል ጋር ቀኑን የመዘገበ ሰው ግን የት አለ? የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ናሙና ይወስዳል፣ በእንግሊዝኛ ያሳትማል፤ ጥናቱ ለወንዙ ሰው አይደርስም። በቻይና ካምፕና በሌሎች መጠለያዎች ከወለጋና ከሌላም ቦታ የተፈናቀሉ ወገኖች ዓመታት አሳልፈዋል። የመጣው እህል ስንት ኩንታል ነበር፣ የታደለውስ? በዝርዝሩ ላይ ያለ ስም ሁሉ ሰው አለው? እነዚህ ጥያቄዎች ማንንም አይሳደቡም። ወደ አንኮበር የሚወስደው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድም እንደዚሁ ነው፤ ቱሪስት ይምጣ እያልን ስለ አንኮበር ቤተ መንግሥት ታሪክ በየዓመቱ እንጽፋለን፣ ስለ መንገዱ ጥገና በጀት የጻፈ ሰው አላየሁም።

ጸሐፊውን ብቻ እንደ ተበዳይ ማየትም ልክ አይመጣም። በየከተማው «ካልሰጠኸኝ እጽፍብሃለሁ» የሚል ሰው መኖሩን ነጋዴው ሁሉ ያውቃል። ሆቴል ገብቶ በልቶ ሒሳብ ሲመጣ ስልኩን አውጥቶ ገጹን የሚያሳይ አለ። የሹሙን ጉድ ይዞ ሹሙ ቢሮ የሚሄድ፣ ወጥቶ ስለ ሹሙ ታታሪነት የሚጽፍም አለ። እነዚህ የቀሩትን ጥቂቶች እምነት አሳጥተዋል፤ ዛሬ አንድ ወጣት መዝገብና እስክሪብቶ ይዞ ቢሮ ቢገባ የመጀመሪያው ጥርጣሬ «ስንት ፈልጎ ነው?» የሚል ነው። ሹሙም ይህን ያውቃል፣ ይጠቀምበታልም። ቀጥተኛውን ጠያቂ ከቀማኛው ጋር አንድ ላይ ጠቅልሎ «የፌስቡክ አርበኛ» ማለት መልስ ከመስጠት ይቀላል።

ለቀጥተኛው ጠያቂ የቀረለት መሣሪያ ብዙ የማይወራለት ነው። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ጋዜጠኛ መሆን አይጠበቅበትም፣ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፣ ከከለከለ ጉዳዩ እስከ እንባ ጠባቂ ይሄዳል። በተግባር መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ የመጀመሪያ ቃሏ «ከየት ነው የመጣኸው? ደብዳቤ አምጣ» ነው። ከየትም አልመጣም፤ እዚሁ ነው የተወለደው። በማን ማኅተም ደብዳቤ ያምጣ? አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይመለሳል። ጥያቄውን በሁለት ቅጂ ጽፎ አንዱን ገቢ አስደርጎ፣ ቀንና ቁጥር አስጽፎ የሚወጣ ሰው ግን እንቢ ቢባል እንኳን የሚያሳየው ወረቀት አለው። እንቢታውም ራሱ ዜና ነው።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል፤ የጠያቂነቱ ልማድ ደግሞ ከእኛው ዘንድ ጨርሶ አልጠፋም። እድር ስብሰባ ላይ ገንዘብ ያዡ ቆሞ ገቢና ወጪውን ያነባል። የድንኳን ማሠሪያ ገመድ የተገዛበት ሁለት መቶ ብር ሲነበብ ከኋላ አንድ አባት እጃቸውን ያወጣሉ፦ «አምና እኮ ገመድ ገዝተናል፤ ያኛው የት ደረሰ?» ገንዘብ ያዡ ዘመዳቸው ሊሆን ይችላል። ይመልሳል፤ ካልመለሰ በሚቀጥለው ስብሰባ ይጠየቃል፤ ቃለ ጉባኤ ስላለ ማንም አይረሳውም። እኚሁ አባት የወረዳውን በጀት በተመለከተ ምንም አይጠይቁም፤ ማንም አንብቦላቸው አያውቅማ። ወረዳዎች በጀታቸውን በቀላል አማርኛ በሰሌዳ እንዲለጥፉ የሚያደርግ አሠራር ከመጣ ግን ቆይቷል። ሰሌዳው በብዙ ቢሮ በር ላይ አለ፤ መስታወቱ አቧራ ለብሶ፣ ወረቀቱ ፀሐይ በልቶት፣ አንዳንዱ ላይ ከሦስት ዓመት በፊት የነበረው በጀት ተለጥፎ። አንድ ሰው በየዓመቱ በሐምሌ ያንን ወረቀት ፎቶ ቢያነሣ፣ ካለፈው ዓመት ጋር ጎን ለጎን ቢለጥፍ፣ የውሃው መስመር ለምን እንደቀነሰና የስብሰባው ለምን እንደጨመረ በጽሑፍ ቢጠይቅ፣ ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅም። ወረቀቱ ሳይቀየር ከቆየም የተለጠፈበትን ዓመት ብቻ መጻፍ ይበቃል።